ሐውልቱ ተመልሷል፤ ምስላችንስ?
(ስለ ቺኔቺታ የፊልም ግቢ፣ ሮም ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እናቶችና አባቶች፣ ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ! እሑድ ማታ ለሳምንቱ ሥራ የሚሰናዱበት፣ ወደ አገር ቤት የሚደወልበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ያንን ሁሉ ትታችሁ ስለ አንድ የፊልም ግቢ ለመስማት በመምጣታችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህን አዳራሽ ያሰናዱልንን፣ ቡናውን ያፈሉልንን እህቶች እግዚአብሔር ያክብርልን።

ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል በኤ መስመር ሜትሮ ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው አለ? የለም። ከተርሚኒ ተነስታችሁ ወደ አናኚና ስትሄዱ፣ ሱባውጉስታ ከተባለው ጣቢያ ቀጥሎ ቺኔቺታ የሚባል ጣቢያ አለ። ስንቶቻችን ነን በዚያ ወርደን አረጋውያንን ለመንከባከብ፣ ቤት ለማጽዳት፣ ልጅ ለመጠበቅ የሄድነው? ስንቶቻችን ነን ከጣቢያው መውጫ ፊት ለፊት ያለውን ረጅም አጥር ተከትለን ያለፍነው? ከአጥሩ ጀርባ ምን እንዳለ ግን ጠይቀን እናውቃለን?

ዛሬ ስለዚያ አጥር ጀርባ እናገራለሁ። ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ግቢው እንዴትና ለምን እንደተሠራ፣ ቀጥሎ ከጦርነቱ ጀምሮ እስከ ዛሬ ምን እንዳለፈበት፣ በመጨረሻም በግቢው ስም ስለሚጠራው ድርጅት መዝገብ፣ እኛም ስላለብን ሥራ እናገራለሁ። መካከለኛውን ቶሎ ቶሎ እላለሁ፤ ልቤ ያለው ፊተኛውና ኋለኛው ላይ ነው። ዓመቶቹን በአብዛኛው በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የኛን ቀን ስናገር ለይቼ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው።

በሴፕቴምበር 1935 መጨረሻ ሮም ውስጥ ቺኔስ የሚባለው ኩባንያ የፊልም መሥሪያ አዳራሾች በእሳት ወደሙ። ልብ በሉ፤ ቃጠሎው ከደረሰ ከቀናት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የሮም ሲኒማ ቤት አልባ በሆነበት ሰሞን አገራችን ተወረረች ማለት ነው። ካርሎ ሮንኮሮኒ የተባለ ባለሀብትና መሐንዲስ ከከተማው መሐል 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ፣ በቱስኮላና ጎዳና ላይ ሰፊ መሬት ገዛ። ጂኖ ፔሬሱቲ የተባለ አርክቴክት ንድፉን አወጣ። በጃንዋሪ 1936 የመሠረት ድንጋይ ተጣለ።

ያ ወር በኛ ምን ነበር? ጥር 1928 ዓ.ም. ነው። ተምቤን ላይ አባቶቻችን እየተዋጉ ነበር። እዚህ መሠረት ሲቆፈር፣ እዚያ ምሽግ ይቆፈር ነበር። ግድግዳው ሲነሣ፣ በየካቲት፣ አምባ አራዳም ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተመታ። ዛሬ በሮም ቪያ ዴላምባ አራዳም በሚባለው መንገድ ስታልፉ የምታልፉት በዚያ ቀን ስም ነው። መጋቢት 22 ማይጨው፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። እዚህ ሠራተኛው ጣሪያ ማልበሱን ቀጥሏል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ቤት ከነሰዉ የተቃጠለበት፣ ሰው በአካፋና በዶማ የተገደለበት ሦስት ቀን ነው። ከየካቲት 12 ማግስት ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ በ68ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በእነሱ ኤፕሪል 28 ቀን 1937፣ ሙሶሊኒ ቺኔቺታን መርቆ ከፈተ።

ይህ አጋጣሚ ነው? ሕንፃውን የሠሩት ድሆች አናጢዎችና ግንበኞች ምንም አላሰቡ ይሆናል። ያሠራው መንግሥት ግን በደንብ አስቦበታል። ከ1934 ጀምሮ የመንግሥቱን የፊልም መሥሪያ ቤት የሚመራው ሉዊጂ ፍሬዲ የሚባል ጋዜጠኛ ነበር፤ የፊልም ሥራ በመንግሥት እጅ እንዲገባ ሌት ተቀን የደከመ ሰው ነው። በዚያው በ1937፣ ከቺኔቺታ አጠገብ ሉቼ ለሚባለው የመንግሥት ፊልም ተቋም አዲስ ሕንፃ መሠረት ሲጣል፣ የሙሶሊኒ ግዙፍ ምስል ካሜራ ይዞ ቆሞ ይታይ ነበር። ከሥሩ የተጻፈው ቃል «ሲኒማ ከመሣሪያ ሁሉ የበረታ መሣሪያ ነው» የሚል ነበር። አልደበቁትም፤ በትልቅ ፊደል ጻፉት! አባቶቻችን በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ «የሰይጣን ቤት» ብለው ሲጠሩ ዛሬ ፈገግ እንላለን። እኔ ግን ያንን ጽሑፍ በፎቶግራፍ ባየሁ ጊዜ ፈገግታዬ ጠፋ።

በዚያው ዓመት፣ በኦክቶበር 1937፣ የአክሱም ሐውልት በሮም አደባባይ ቆመ። አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር አደረጉ፤ ድንጋያችንን አምጥተው አቆሙ፣ ምስላችንን የሚሠሩበትን ግቢ ከፈቱ። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ምን ዓይነት ፊልም ሠሩ? ሁሉም የጦርነት ፊልም ነበር ብል እዋሻለሁ። እስከ 1943 ድረስ በግቢው 300 ገደማ ፊልም ተሠርቷል፤ አብዛኛው የፍቅርና የሳቅ ፊልም ነው፤ የሀብታም ቤት፣ ነጭ ስልክ፣ የሐር ቀሚስ። ሽልማቱን ስታዩ ግን ነገሩ ይገለጣል። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ለጣሊያን ምርጥ ፊልም የሚሰጠው ዋንጫ በሙሶሊኒ ስም የተጠራ ነበር። በ1936 ያሸነፈው በሊቢያ በረሃ ስለሚዘምት የጣሊያን ጦር ነው። በ1937 ያሸነፈው ሮም አፍሪካን ስለማሸነፏ ነው። በ1938 ያሸነፈው በኢትዮጵያ ጦርነት ስለሞተ አብራሪ ነው። በ1939 ያሸነፈው አባ ማስያስ ስለምንላቸው፣ በኢትዮጵያ ስለሰበኩት የካቶሊክ (ካፑቺን) ሚስዮናዊ ነው። አራት ዓመት፣ አራት ዋንጫ፣ አራቱም አፍሪካ! ሁሉም ከዚህ ግቢ ወጡ ማለቴ አይደለም፤ አንዱ ግቢው ሳይከፈት የተሠራ ነው። ሐሳቡ ግን አንድ ሐሳብ ነው።

የ1937ቱን ልንገራችሁ። ዳይሬክተሩ ካርሚኔ ጋሎኔ፣ ታሪኩ በ202 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሰሜን አፍሪካዋን ከተማ ካርታጎን ስላሸነፈው የሮም ጦር አዛዥ ስለ ሺፒዮን ነው። ገንዘቡ የመንግሥት፣ ተሰላፊው በሺዎች የሚቆጠር፣ ዝሆን ሳይቀር አለበት፤ ሙሶሊኒ ራሱ ቀረጻውን ሊጎበኝ ሄዷል። ለምን ሺፒዮን? ለምን በዚያ ዓመት? ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ድል ትናንት በአዲስ አበባ የሆነውን እንዲያጸድቅ ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1939 አንድ የጣሊያን የፊልም መጽሔት የሮም ተማሪ ልጆች ስለዚህ ፊልም ምን እንደተሰማቸው ጠይቆ መልሳቸውን አትሟል፤ ልጆቹ ሺፒዮንን ከሙሶሊኒ፣ የካርታጎን ጦርነት ከኢትዮጵያው ጦርነት ጋር አመሳስለው ጽፈዋል። ሕፃናት ናቸው፤ የተሰጣቸውን በሉ።

የ1938ቱ ደግሞ ይብሳል። ዳይሬክተሩ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ ነው፤ የሥራው የበላይ ተቆጣጣሪ ግን ማን ነበር? ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ፣ የአምባገነኑ ልጅ። ይህ ወጣት በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን የበረረ፣ ስለ በረራውም በደስታ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ቦምብ የጣለው እጅ ፊልሙንም ተቆጣጠረ። የፊልሙ ከፊሉ የተቀረጸው በተያዘችው አገራችን ውስጥ ነው። አብራሪው ልጁን ለማዳን ሲል በጀግንነት ይሞታል፤ ተመልካች ያለቅሳል። ከአውሮፕላኑ በታች ያለው ሰውስ? ስም የለውም፣ እናት የለውም፣ ልጅ የለውም። ከጥቁር ነጥብነት አይበልጥም። ወገኖቼ፣ ከአውሮፕላኑ በታች የነበሩት የእናንተ አያቶች ናቸው!

ሮንኮሮኒ በ1938 ሲሞት ግቢው በመንግሥት እጅ ገባ። የመጀመሪያውን ክፍል እዚህ ላይ ላቁም፤ ሰዓቱም ይሮጣል።

ሁለተኛው፤ ክፉ የሠራ ቤት ክፉ ያገኘዋል ይባል እንደሆነ አላውቅም፤ ቺኔቺታን ግን አግኝቶታል። በሴፕቴምበር 1943 ጣሊያን ስትፈርስ ጀርመኖች ገቡ፤ ካሜራውንና መሣሪያውን ጭነው ሄዱ፤ ከፊሉን ወደ ጀርመን፣ ከፊሉን የፋሺስቱ ርዝራዥ መንግሥት ፊልም ሊሠራበት ወደ ቬኒስ። በኤፕሪል 17 ቀን 1944 ጀርመኖች አጠገብ ያለውን የኳድራሮ ሰፈር ከበው ወንዶቹን እያፈሱ ሲያስወጡ፣ ወደ ጀርመን ከመጋዛቸው በፊት የሰበሰቧቸው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር። ከሰማይ ደግሞ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቦምብ ነበር። የኳድራሮ ሰዎች ድሆችና እልከኞች ነበሩ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንኖረው እነሱ በኖሩበት ሰፈር ነው፤ ጎረቤቶቻችን የእነሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ነው ይህን ታሪክ በጥላቻ የማልናገረው።

ሮም ነፃ ከወጣች በኋላ ግቢው የስደተኞች ካምፕ ሆነ። አዎን፣ የስደተኞች ካምፕ! የንጉሥ አዳራሽ በተሠራበት ጣሪያ ሥር፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ በጨርቅና በጣውላ ተለያይቶ ይተኛ ነበር። ከዩጎዝላቪያ የሸሸ፣ ከጀርመን ካምፕ የተረፈ አይሁዳዊ፣ ከሊቢያ የተመለሰ ጣሊያናዊ፣ የገዛ አገሩ ቤት የፈረሰበት። ካምፑ እስከ 1950 ገደማ ቆየ። በስደተኛ ጣቢያ ያለፋችሁ እዚህ አላችሁ፤ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮከብ ለመፍጠር የተሠራው ግቢ ረጅሙን የመከራ ጊዜ ያሳለፈው እንደ እኛ ያለውን ሰው አስጠልሎ ነው።

አዳራሾቹ በስደተኛ ስለተያዙና መሣሪያው ስለተዘረፈ የጣሊያን ፊልም ሠሪዎች ወደ መንገድ ወጡ። በድህነት የተወለደው የጎዳና ሲኒማ ዓለምን አስደነቀ። ከመሪዎቹ አንዱ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ነው። ይህ ሰው በ1938ቱ የአብራሪ ፊልም ላይ በድርሰቱ የተሳተፈ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1945፣ በጀርመኖች ስለተያዘችው ሮም ያወጣው ፊልም በዓለም ዙሪያ ሰውን አስለቀሰ። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ያስጨንቀኛል። ወረራ ምን እንደሆነ ለማየት የገዛ ከተማው መወረር ነበረበት? መልሱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ከዚያ አሜሪካኖች መጡ። ለምን መጡ? ፀሐዩንና መብሉን ወድደው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎች በጣሊያን ሲኒማ ቤቶች ያተረፉትን ሊሬ ከአገር ማውጣት ተከልክለው ነበር። ማውጣት ካልተቻለ እዚሁ ማዋል ነው። ስለዚህ በታይበር ዳር ያለ ሆሊውድ የተባለው ዘመን ጀመረ። ስለ ንጉሥ ኔሮን በ1951 የወጣው፣ ከዚያ በ1959 የወጣውና አሥራ አንድ ኦስካር የወሰደው የሠረገላ እሽቅድምድም ያለበት ቤን ሁር፣ ከዚያ ኤልሳቤጥ ቴይለር የተጫወተችበት ክሌዎፓትራ። ይህ የመጨረሻው በ1963 ሲወጣ ያሠራውን ኩባንያ ወደ ኪሳራ አፋፍ አድርሶት ነበር። ያ ኩባንያ፣ ፎክስ፣ በእነዚያው ዓመታት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከነበረው የፊልም ግቢ ትልቁን ክፍል ሸጧል፤ ዛሬ ሴንቸሪ ሲቲ የሚባለው የረጃጅም ፎቆች ሰፈር ያረፈው በዚያ መሬት ላይ ነው። የፊልም ግቢ ውድ መሬት ነው፤ ፊልሙ ሲደክም ሁልጊዜ መሬቱን የሚያይ ዓይን አለ። የቺኔቺታም ጭንቀት ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1960 መጀመሪያ ፌዴሪኮ ፌሊኒ ዝነኛ ፊልሙን አወጣ፤ ቪያ ቬኔቶ የተባለውን የሮም ጎዳና እዚሁ ግቢ ውስጥ አምስተኛው አዳራሽ አስገንብቶ የቀረጸውን። 80 ሜትር ርዝመት፣ 36 ሜትር ስፋት ያለው አዳራሽ ነው፤ ፌሊኒ በ1993 ሲያርፍ አስከሬኑ የተቀመጠው፣ ሮም ተሰልፋ የተሰናበተችው እዚያ ነው። ዓለም በ1960 የሮምን ሌሊት በሲኒማ ያየው በሰው ሠራሽ ጎዳና ነው። በሴፕቴምበር ግን በእውነተኛው ጎዳና፣ በእውነተኛው ሌሊት አንድ ሰው በባዶ እግሩ ሮጠ። አበበ ቢቂላ! የአክሱም ሐውልት ከቆመበት ሲደርስ ወደፊት ተፈተለከ። ካሜራዎች ሁሉ ወደ እርሱ ዞሩ። ይህን ትዕይንት የጻፈ ደራሲ የለም፣ ያስገነባ ኩባንያ የለም። ሐውልቱን ለድል ምልክት ያቆሙት ሰዎች፣ ለአበበ ምልክት እያቆሙ እንደነበር አላወቁም።

(ጭብጨባ)

አመሰግናለሁ። ወደ ግቢው ልመለስ፤ እኔ ራሴ የገባሁበትን ጊዜ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ ውስጥ ነው። ከአንዲት ወዳጄ ጋር ሐሙስ የእረፍት ቀናችንን ተርሚኒ አጠገብ ቆመን ስንጫወት፣ ለፊልም አጃቢ ሆኖ የሚያልፍ ሰው የሚፈልግ አንድ ሰው መጣ። የአንድ ቀን ክፍያው ከሳምንት የቤት ሥራ የማያንስ መሰለን። ሄድን። ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎች ነበርን። የሠራተኞቹን እጅ ሥራ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የእብነ በረድ ምሰሶ ነው ብዬ የነካሁት ጣውላና ጂፕሰም ነው። አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ በትንሽ ብሩሽ የድንጋይ ስንጥቅ ይሥላል፤ አባቱም እዚያው ቀለም ቀቢ እንደነበር ነገረኝ። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! እኔ ያንን ሰው እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ቀጥሎ የሆነው ግን ሌላ ነው። ልብስ አከፋፋዩ ያመጣልን ቁራጭ ጨርቅ ነበር። ወዳጄ በትሕትና፣ «በየትኛው አገር፣ በየትኛው ዘመን ነው ታሪኩ? እኛ እኮ ጥልፍ ቀሚስ አለን፤ ከቤት ማምጣት እንችላለን» አለችው። ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ፣ «አፍሪካ ነው» አላት። አፍሪካ ነው! ሌላ መልስ አልነበረውም። መሬት ላይ ተቀመጡ ተባልን፤ ተቀመጥን። ነጩ ተዋናይ በመካከላችን አለፈ፤ ተቀረጸ፤ አለቀ። ገንዘቡን ተቀበልን፤ ያስፈልገን ነበር። ያንን ፊልም የሠሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ከ1938 ወዲህ ማንም ጥያቄ ጠይቋቸው አያውቅም እንጂ።

የቀረውን በአጭሩ። ቴሌቪዥን ሲኒማውን ሲያደክመው ግቢው ለቴሌቪዥን ተከራየ፤ ማስታወቂያ፣ የመዝናኛ ዝግጅት፣ ከ2000 ጀምሮ ሰዎች በካሜራ ታጥረው የሚኖሩበት የታዋቂው ፕሮግራም ቤት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግል ባለሀብቶች ተላለፈ። በ2007 ስለ ጥንታዊት ሮም ለተሠራው የአሜሪካና የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ የተገነባው ከተማ ከፊሉ በእሳት ጠፋ። በ2012 ሠራተኞቹ፣ እነዚያ የአናጢና የቀለም ቀቢ ልጆች፣ ግቢያችን ሆቴል ሊሆን ነው፣ እኛም ልንበተን ነው ብለው በሩ ላይ ሰፍረው ተቃወሙ። በ2017 ግቢው ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰ። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት የማገገሚያ ገንዘብ አዳዲስ አዳራሾች እየተጨመሩበት ነው። ሠራተኞቹ ባይቆሙለት ኖሮ ዛሬ የገበያ አዳራሽ ሆኖ እናገኘው ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ መጣሁበት ጉዳይ።

ቅድም ሉቼ ያልኳችሁን ተቋም አስታውሱ። በ1924 የተመሠረተ የመንግሥት ፊልም ተቋም ነው። በ1935 ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው ወታደር ብቻ አልነበረም፤ ሉቼ ለምሥራቅ አፍሪካ ብሎ ለይቶ ያቋቋመው የካሜራ ክፍልም ዘምቷል። ከጦሩ ጋር እየተጓዙ ቀረጹ። ገበያችንን፣ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ ቄሶቻችንን፣ እጃቸውን የሰጡ መኳንንታችንን፣ ልጆቻችንን። ያ ፊልም በየሳምንቱ ዜና ሆኖ በመላ ጣሊያን ሲኒማ ቤቶች ታየ። ያንጊዜ ሉቼና ቺኔቺታ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ተቋማት ነበሩ። ከ2009 ጀምሮ ግን ተዋሕደዋል። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? የአያቶቻችን ምስል ዛሬ የሚተዳደረው በቺኔቺታ ስም ነው ማለት ነው። በ2013 ዩኔስኮ ይህንን የዜና ፊልምና የፎቶግራፍ ስብስብ የዓለም ቅርስ ማስታወሻ ብሎ መዝግቦታል። የዓለም ቅርስ! ከቅርሱ ውስጥ የእኔና የእናንተ አያቶች አሉበት።

በዚያ ፊልም ውስጥ የሌለውንም ልንገራችሁ። ጋዙ የለም። ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ የወረደው የሰናፍጭ ጋዝ፣ ቆዳው የተላጠ ገበሬ፣ የታወረ እረኛ በዜናው ውስጥ የሉም። ካሜራው እዚያው አገር ነበር፤ ዓይኑን ግን አዞረ። ጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ እውነቱን ለዓመታት ሲጽፍ በገዛ ወገኖቹ ተሰደበ፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! እንግዲህ አንድ ምስል ያሳየውን ብቻ አይተን አንመን፤ ያላሳየውንም እንጠይቅ።

ያሳየውንስ ማን ያነበዋል? ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ነፍሷን ይማረውና፣ በ1990ዎቹ እኔን ልትጠይቅ ሮም መጥታ ነበር። በወረራው ዘመን ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም። አንድ ማታ በቴሌቪዥን ስለ ጦርነቱ ዝግጅት ይተላለፋል። የድሮው ተራኪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ሕዝቡ በመንገድ ዳር ቆሟል። እናቴ፣ «ምን ይላል ሰውየው?» አለችኝ። «ሕዝቡ በደስታ ተቀበለን ይላል» አልኳት። ዝም ብላ አየች። ከዚያ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበች፤ በጣቷ እየነካች፣ «የምን ደስታ ነው? እይ እንጂ ልጄ! ጥለቱ የት ነው ያለው? አንገቷ ላይ ነው። ይችኛዋም አንገቷ ላይ ነው። ይችም። እነዚህ እኮ ለቅሶ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው!» አለችኝ።

እናቶች፣ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያችኋለሁ። ነጠላ ለሐዘን እንዴት እንደሚለበስ ለእናንተ አይነገርም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያንን ፊልም ስንት ፕሮፌሰር አየው? ስንት ጋዜጠኛ፣ ስንት አዘጋጅ ቆርጦ ቀጠለው? ማንም አላየም። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ በአንድ ቅጽበት አየች። ተራኪው የዋሸውን፣ ሴቶቹ በነጠላቸው ተናግረውት ኖሯል። ንግግራቸው በመዝገብ ቤት ተቆልፎ፣ ሰሚ ሲጠብቅ ኖሯል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሐውልቱ ተመልሷል። በ2005 አክሱም ደረሰ፣ በ2008 በቦታው ቆመ። በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያን የተወሰደችው፣ ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላናችን በ2024 ወደ አገሯ ገብታለች። ለእነዚህ የታገሉትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ምስል ግን ከድንጋይ ይለያል፤ እዚህም ሆኖ እዚያ መሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያችን ከባድ አይደለም። የተሟላ ግልባጭ ለወመዘክር፣ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍታችን፣ ይሰጥ። ጥራቱ ያልተቀነሰ፣ ኢትዮጵያውያን ፊልም ሠሪዎች ያለ ክፍያ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ግልባጭ። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የአያቱን ፊት በፊልሙ ውስጥ ለማስገባት ለምን ይከፍላል? በምን ሕግ? በምን ሕሊና? አያቱ ሲቀረጹ ፈቃድ ተጠይቀው ነበር? ተከፍሏቸው ነበር?

ይህን በደብዳቤ እንጠይቃለን፤ ረቂቁ በር ላይ ተቀምጧል፣ አንብባችሁ ፈርሙ። ሌላው ሥራ ግን ከማንም ፈቃድ አይጠብቅም። ከስብስቡ ብዙው በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። ከእያንዳንዱ ፊልም ሥር የተጻፈውን ስታነቡ፣ «የአገሬው ሰዎች»፣ «የአገሬው ገበያ» ይላል። የትኛው ገበያ? የትኛው ቤተ ክርስቲያን? ማን ናቸው እኚህ ሽማግሌ? ይህን ሊመልሱ የሚችሉት ሰዎች ዘጠና ዓመት የሞላቸው ወይም ከዘጠና በላይ የሆኑ ናቸው። አንዳንዶቹ ደሴ፣ አንዳንዶቹ ጎንደር፣ አንዳንዶቹ እዚሁ ሮም ፎቅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጊዜ የለንም። እደግመዋለሁ፤ ጊዜ የለንም። ወጣቶች፣ ስልክ አላችሁ፣ ጣሊያንኛ ከእኛ አብልጣችሁ ታውቃላችሁ። ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ፊልሙን ይዛችሁ ሂዱ፤ አያታችሁን አስቀምጣችሁ አሳዩ፤ የሚሉትን ቅዱ። እርግጠኛ የሆኑበትን እርግጠኛ፣ የገመቱትን ግምት ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። አንድ ስም ያገኘ ሰው አንድ ሰው ከጥቁር ነጥብነት አወጣ።

ከቱስኮላና ጎዳና ማዶ፣ ከግቢው ፊት ለፊት፣ በ1935 የተቋቋመው የፊልም ትምህርት ቤት አለ። ከእናንተ ልጆች መካከል ለአርትዖት፣ ለመዝገብ አያያዝ፣ ለካሜራ የሚመዘገብ ቢገኝ እኔ በግሌ ለመግቢያ ፈተናው አብሬው አጠናለሁ። እናቶች፣ ሁሉም ልጅ ነርስ መሆን የለበትም። ነርስ ትልቅ ሙያ ነው፤ አንዱን ግን ለዚህ ስጡን።

አሁን ቡናው እስኪቀርብ ድረስ መብራቱን አጥፍተን ከእነዚህ የዜና ፊልሞች ጥቂቱን በዚህ ግድግዳ ላይ እናያለን። የተራኪውን ድምፅ እንዘጋዋለን፤ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። እናቶችና አባቶች እባካችሁ ወደ ፊት ወንበሮች ኑ፤ ከኋላ ጥርት ብሎ አይታይም። ወጣቶች ከእያንዳንዱ አዛውንት አጠገብ አንድ አንድ ሆናችሁ ወረቀትና ብዕር ይዛችሁ ተቀመጡ። የምታውቁት ቦታ ወይም ሰው ሲመጣ «አቁሙ!» በሉ፤ እናቆማለን፤ ወደ ኋላ እንመልሳለን። መጀመሪያ የአዲስ አበባውን፣ ጊዮርጊስ የሚታይበትን እንከፍታለን፤ ከዚያ የደሴውን፤ ከዚያ የትኛው አገር እንደሆነ እስካሁን ማንም ያልነገረኝን አንድ የገበያ ፊልም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።